ላብራቶሪ ውስጥ የበቀለ የደም ሥር ለእናቴ እግር ይደርስላት ይሆን?

ገራዶ (ጠያቂ)፣ ሰኞ ማታ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደሴ፣ ገራዶ አካባቢ ነው። እናቴ ስኳር ከያዛት 14 ዓመት ሆኗታል። ኅዳር ላይ በባዶ እግሯ ቡና እያፈላች ከምድጃው የወደቀ ፍም ረገጠች። ያወቅነው በጠረኑ ነው። ጎረቤታችን «ምንድን ነው የሚቃጠለው?» ስትል እናቴ ጎንበስ ብላ ቄጠማውን መፈለግ ጀመረች። የሚቃጠለው የራሷ ተረከዝ ነበር፤ ምንም አልተሰማትም። ይኸው አራት ወር ሆነው፣ ቁስሉ ጠርዙ ይነጣል፣ ትንሽ ይገጥማል፣ መልሶ ይከፈታል። ሐኪሟ «ወደ እግሯ የሚሄዱት የደም ሥሮች ተጎድተዋል» ብሎናል።

ሰሞኑን ቪየና ውስጥ ከሰው ስቴም ሴል የደም ሥር እንዳበቀሉ አነበብኩ፤ «የደም ሥር ኦርጋኖይድ» ይሉታል። ለስኳር ሕመም ጥናትም እንደዋለ ይላል። እውነት ነው? ለእሷ የሚሆን ነገር አለው? ደግሞ አንድ ሰው ውጭ አገር ወስዶ «ስቴም ሴል አስወጋታለሁ» እያለ ወንድሜን ያግባባዋል። ወንድሜም ከአባታችን የቀረችውን መሬት ለመሸጥ እያሰበ ነው። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ማይክሮስኮፕ፣ ሰኞ ማታ 3:40

እህቴ፣ አብሽሪ። እናትሽን አላህ ያሽርልን። እኔ እዚሁ ደሴ በላብራቶሪ ሙያ ነው የምሠራው። ኦርጋኖይድ (ላብራቶሪ ውስጥ ከሴል የሚበቅል ትንሽ የአካል አምሳያ) በእጄ አብቅዬ አላውቅም፤ ጥናቱን ግን ከወጣ ጀምሮ ስከታተለው ቆይቻለሁ። ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ዛሬ ከዚያ ላብራቶሪ ወጥቶ እናትሽ እግር ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። መሬታችሁን አትሽጡ።

ጥናቱ ግን እውነት ነው። በፈረንጆች ጥር 2019 (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። የሠሩት እነ ራይነር ዊመርና ዮሴፍ ፔኒንገር ናቸው፤ ቦታው ቪየና የሚገኘው የሞለኪውላር ባዮቴክኖሎጂ ተቋም ነው። የተነሡት ስቴም ሴል ከሚባለው፣ ምን እንደሚሆን ገና ካልለየለት የሰው ሴል ነው፤ ጡንቻም፣ ነርቭም፣ ቆዳም ሊሆን ከሚችል። ሴሎቹ መጀመሪያ ተያይዘው ትናንሽ ጓል ይሆናሉ። ከዚያ ትእዛዝ በየተራ ይሰጣቸዋል። ለጥቂት ቀናት ቢኤምፒ4 የሚባል ፕሮቲን ከአንድ ኬሚካል ጋር ይጨመርላቸዋል፤ ይህ ፅንስ ውስጥ ደምና ጡንቻ ወደሚወጣበት መካከለኛ ንጣፍ ይመራቸዋል። ቀጥሎ ቪኢጂኤፍ ይመጣል። ይህ በሁላችንም ሰውነት ውስጥ «የደም ሥር ይብቀል» የሚለው መልእክት ራሱ ነው። በመጨረሻ ጓሉን ኮላጅንና ማትሪጄል የተቀላቀሉበት ዝልግልግ ውስጥ ይቀብሩታል። ማትሪጄል በረዶ ላይ ሲሆን ይፈሳል፣ የሰውነት ሙቀት ሲያገኝ ይረጋል። እዚያ ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ከዙሪያው ቀጫጭን ክር እያወጣ ይዘረጋል። እናቶቻችን ባቄላ ነክረው በቆልት ሲያደርጉ አይተሻል? መልኩ እንደዚያ ነው።

እኔን ሁሌ የሚደንቀኝ ቱቦውን የሠራው ሰው አለመኖሩ ነው። ሴሎቹ ራሳቸው ሥራ ይከፋፈላሉ። ከፊሎቹ የቧንቧው ውስጠኛ ልባስ ይሆናሉ፤ ከፊሎቹ ከውጭ አቅፈው የሚደግፉት ፔሪሳይት የሚባሉት ይሆናሉ። በሁለቱ መካከል ደግሞ ስስ ሽፋን ይዘረጋሉ። የስኳር ነገር የሚመጣው እዚህ ሽፋን ላይ ነው።

ይህ ሽፋን እንደ ጠላ ማጥለያ ጨርቅ ነው፤ ኦክስጅንም ምግብም በእሱ አልፎ ሥጋው ጋ ይደርሳል። ስኳር ለረጅም ጊዜ ሲከፋ ሽፋኑ ይወፍራል። ማጥለያውን ሦስትና አራት እጥፍ አድርገሽ ጠላ ልታጠልይ ብትሞክሪ ምን ይሆናል? እንደዚያው ነው። ይህ ነገር ከሕመምተኞች ቆዳ በተወሰደ ናሙና ከታየ ቆይቷል። ችግሩ ውፍረቱ እንዴት እንደሚመጣ በሰው የደም ሥር ላይ እየተከታተሉ ማየት አለመቻሉ ነበር፤ የሰው እግር ውስጥ ገብተሽ ቀን በቀን ልታዪ አትችዪም። እነሱ ኦርጋኖይዱን ብዙ ስኳር ባለበት ፈሳሽ ውስጥ አኖሩት፤ ስኳር ሕመም ላይ ከፍ የሚሉ ሁለት የብግነት ፕሮቲኖችም ጨመሩበት። ሽፋኑ ዓይናቸው እያየ ወፈረ።

ሐረጎ፣ ሰኞ ማታ 4:05

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ይህን ነገር ስሰማ ያመኛል። አባቴ በዚሁ በሽታ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጦ ነው የሞተው። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ሽቅብ በሚኒባስ እያመላለስኩት፣ አንድ ቀን «ኢንሱሊን አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ተብለን የመንገዱን ገንዘብ ለመድኃኒት ከፍለን እየለመንን ተመልሰናል። ኢንሱሊን ሳይቋረጥ ማግኘት ላልቻለ ሰው ቪየና የሚበቅል የደም ሥር ምን ያደርግለታል? ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ነው የሚሆነው። ለዚህች እህት የሚያስፈልጋት የቁስል እጥበት፣ ጋዝና ኢንሱሊን ነው።

ማይክሮስኮፕ፣ ሰኞ ማታ 4:30

ወንድሜ፣ አባትህን ነፍሱን ይማረው። የተናገርከው ሁሉ ልክ ነው፣ ኢንሱሊን ይቀድማል። አንድ ነገር ብቻ እንድታይልኝ እፈልጋለሁ። እዚያው ሙከራ ላይ በሥራ ላይ ያሉ የስኳር መድኃኒቶችን ሞክረው ነበር፤ የሽፋኑን መወፈር አላስቆሙትም። ብዙ ሕመምተኛ «ስኳሬን እየለካሁ፣ መድኃኒቴን እየዋጥኩ እግሬ ለምን ተበላሸ?» ይላል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፣ መልሱም ከሐኪሙ ስንፍና ወይም ከሕመምተኛው ጥፋት ጋር ላይገናኝ ይችላል። ይህን የሽፋን መወፈር ራሱን የሚያክም መድኃኒት ገና በእጃችን የለም። ለሚሠቃየው ሰው ይህን ማወቁ ራሱ ዋጋ አለው እላለሁ።

ሽፋኑ እንዳይወፍር ያደረገው ሌላ ነገር ነው፤ ዲኤልኤል4 እና ኖች3 የሚባሉትን የመልእክት መንገድ መዝጋት። ሴሎች ጎን ለጎን ሆነው የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። እሱ ሲዘጋ ሽፋኑ ስስ ሆኖ ቆየ።

ሲስተር፣ ማክሰኞ ጠዋት 1:20

ገራዶ እህቴ፣ እኔ ነርስ ነኝ፤ የስኳር ቁስል ሳጥብ ዓመታት አልፈውኛል። ማይክሮስኮፕ ያለው ጥሩ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ላርመው። የእናትሽ እግር የተጎዳው በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ብቻ አይደለም። ፍሙ ያልተሰማት ነርቩ ስለደነዘዘ ነው። ከጉልበት በታች ያሉት ትልልቆቹ ደም ቅዳዎችም በስብ ጠብበው ይሆናል፤ ቁስል አልድን የሚለው ብዙ ጊዜ በእነሱ ነው። ያ የጤፍ ፍሬ የምታክል ኳስ ትልቅ ደም ቅዳ የላትም፣ ነርቭም የላትም። ስለዚህ ሐኪሙን እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ «ከእግሯ አናትና ከቁርጭምጭሚቷ የልብ ምት ይገኛል?» በጣት ተዳሶ የሚታወቅ ነው፣ ማሽን አይጠይቅም። ካልተገኘ ወደሚቀጥለው ሐኪም በቶሎ መላክ አለባት።

አሁን ደግሞ የደሴን ብርድ አስቢ። እኛ ጋ የማየው ቃጠሎ አብዛኛው የሚመጣው ከብርዱ ነው። ሰው እግሩ ሲቀዘቅዝ ምድጃ ጋ ያስጠጋል፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ፍል ውሃ ሞልቶ እግሩ ሥር ያደርጋል። እግሩ ስለደነዘዘ ቆዳው ሲገሸለጥ አይሰማውም። በካልሲ ታሙቀው። የመታጠቢያውን ውሃ እሷ በእግሯ አትለካው፤ አንቺ በክርንሽ ለኪው። ከታጠበች በኋላ በጣቶቿ መካከል ያለውን በደንብ አድርቂ። ቅባት ከላይና ከሥር ተቀቢያት፣ በጣቶቿ መካከል ግን አይሁን። ኮንጎ ጫማ የምታደርግ ከሆነ ተይ በያት፤ ያልባል፣ ይልጣል። የምታደርገውን ጫማ ሁሌ ገልብጣ ታራግፈው፤ ጠጠር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ረግጠውት የዋሉ ሰዎች አይቻለሁ። ውስጥ እግሯን ማታ ማታ አንቺ እዪላት፣ አንቺ ከሌለሽ መስታወት መሬት አስቀምጣ ትየው። ጠንካራ ቆዳ ካለ በምላጭ እንዳትነኩት። ቁስሉ ላይ ቅጠልም፣ ማርም፣ ቡናም ሐኪም ሳያይ አይደረግ። እብጠት፣ መቅላት፣ ሽታ ወይም ትኩሳት ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ውሰጃት።

ቡናዋን ታፍላ፣ አትከልክያት። ምድጃው ከፍ ይበል፣ እሷም የተዘጋ ጫማ ታድርግ።

ማይክሮስኮፕ፣ ማክሰኞ ጠዋት 2:00

ሲስተር ትክክል ነሽ፣ እርማቱን ተቀብያለሁ። ኦርጋኖይዱ የሚያሳየው የቀጫጭኖቹን ጉዳት ነው። ኩላሊትና ዓይን ላይ ስኳር የሚያደርሰውን ጉዳት ለመረዳት ቅርብ ነው፤ እግር ላይ ግን የታሪኩ አንድ ክፍል ብቻ ነው።

የኮምቦልቻ ሸማኔ፣ ማክሰኞ ቀን 6:45

ስለዚያ ደላላ ነው የምናገረው። አጎቴን እንደዚሁ «ስቴም ሴል» ብለው ውጭ አገር ወስደው ሦስት መርፌ ወጉት። በመርፌው ውስጥ ምን እንደነበረ የሚገልጽ አንድ ወረቀት አልሰጡትም። ተመልሶ መጣ፣ ቁስሉ እንደነበረ ነው፣ ከብቶቹ ግን የሉም። ወንድምሽን ይህን እንዲጠይቀው አድርጊ፦ ሴሉ ከማን የተወሰደ ነው? ምን ዓይነት ነው? በየትኛው መንግሥት ፈቃድ ነው የሚሰጠው? ካልሠራ ገንዘቡን ማን ይመልሳል? የእኛው ሰው በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው ስልኩን የዘጋው።

ቦርከና፣ ማክሰኞ ማታ 1:10

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ባዮሎጂ እወዳለሁ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ኖች የሚባለውን መንገድ የሚዘጋ መድኃኒት ካለ ለምን ለሰው አይሰጥም? ሁለተኛ፣ የደም ሥር ማብቀል ከተቻለ ሙሉ ኩላሊት ወይም ሙሉ እግር ለምን አይበቅልም?

ማይክሮስኮፕ፣ ማክሰኞ ማታ 2:25

ቦርከና፣ ጥሩ አድርገህ ጠየቅህ።

ኖች በደም ሥር ብቻ ቢሠራ ኖሮ ቀላል ነበር። አንጀት፣ ቆዳ፣ የደም ሴሎች ሁሉ ይገለገሉበታል። ሙከራው ላይ የተጠቀሙበት ኬሚካል ጋማ ሴክሬቴዝ የሚባል ኢንዛይም ይዘጋል። ይኸው ኢንዛይም በአልዛይመር (በመርሳት በሽታ) ምክንያት ሲፈለግ ሴማጋሴስታት የሚባል መድኃኒት ተሠርቶ ትልቅ ሙከራ ላይ ደርሶ ነበር። በ2010 አቆሙት፤ የወሰዱት ሰዎች ማስተዋላቸው ይበልጥ ተዳከመ፣ የቆዳ ካንሰርም በዛባቸው። የላብራቶሪ ሳህን (ዲሽ) ላይ የሠራ ሁሉ ሰው ላይ ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። የሚፈለገው ኖች3ን ብቻ፣ ደም ሥር ላይ ብቻ የሚነካ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄህ የዘርፉ ትልቁ እንቆቅልሽ ነው። አንድ ሴል በሕይወት ለመቆየት ቀጭን የደም ሥር በ0.1 ወይም በ0.2 ሚሊሜትር ርቀት ውስጥ ማግኘት አለበት። ከዚያ ከራቀ ኦክስጅን አይደርሰውም። ለዚህ ነው ላብራቶሪ ውስጥ የሚበቅል ኩላሊትም፣ ጉበትም፣ የአንጎል ቁራጭም ጥቂት ሚሊሜትር ላይ ሲደርስ መሃሉ የሚሞተው። አንጀትን በ2009 አበቀሉት፣ አንጎል መሰሉን በ2013፤ ሁሉም ከዚህ ግድግዳ ጋር ይጋጫሉ። ስለዚህ የደም ሥር ኦርጋኖይድ ለራሱ ብቻ አይደለም፤ የሌሎቹ ሁሉ መንገድ እሱ ነው። ከተማ ያለ ውሃ መስመር አይሰፋም።

ጡረተኛ መምህር፣ ረቡዕ ጠዋት 3:30

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይከነክነኛል። ይህ ስቴም ሴል የሚባለው ከፅንስ የሚወሰድ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። በእኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በዚህ ዝም የሚል አይመስለኝም። አንተ ማይክሮስኮፕ፣ ግልጽ አድርግልን።

ማይክሮስኮፕ፣ ረቡዕ ቀን 7:00

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጥያቄዎ ተገቢ ነው፣ ሳልሸፍን እመልሳለሁ። ሁለት ምንጭ አለ። አንደኛው እርስዎ ያሉት ነው፤ ለመካንነት ሕክምና ከማኅፀን ውጭ ተዘጋጅቶ ከቀረ፣ ጥቂት ቀን ከሆነው ፅንስ የተወሰደ ሴል። ሁለተኛው ከአዋቂ ሰው ቆዳ ወይም ደም የሚሠራ ነው። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ሴል ላይ አራት ጂኖች ብቻ አስገብቶ የአዋቂን ሴል ወደ መጀመሪያው ሁኔታ መመለስ እንደሚቻል አሳየ። በ2012 ከእንግሊዛዊው ጆን ጉርደን ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘበት። የደም ሥር ኦርጋኖይድ ከሁለቱም ይሠራል። ሁለተኛው መንገድ ብቻውን ለዚህ ሥራ ስለሚበቃ፣ እኔ በግሌ እሱን ነው የምደግፈው።

ከእማማ ቆዳም ቢሆን በሐሳብ ደረጃ የራሷን የደም ሥር ማብቀል ይቻላል፤ ሰውነቷም እንደ ባዕድ አይቆጥረውም ነበር። እንቅፋቱ ሌላ ነው። ካልተለወጡት ሴሎች ጥቂት እንኳ ተደባልቀው ከገቡ ዕጢ ሊያወጡ ይችላሉ። የበቀለውን ከእሷ ደም ቅዳ ጋር ማገናኘትም አለ። ለአንድ ሰው ሴል ማዘጋጀት ራሱ ወራት ይፈጃል፤ 37 ዲግሪ ላይ፣ መብራት ሳይቋረጥ። ላብራቶሪ ውስጥ የሠራን ሰዎች ይህ ሁለተኛው ቃል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እናውቃለን።

ሐረጎ፣ ረቡዕ ማታ 2:50

የሰኞውን በንዴት ጻፍኩት፤ ሐሳቤን ባልለውጥም አነጋገሬን አልወደድኩትም። ማይክሮስኮፕ፣ ስኳሩን እየለካ እግሩ ለምን እንደተበላሸ የሚጠይቅ ሰው ብለህ የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት። አባቴ እስከ መጨረሻው «ምን አጥፍቼ ነው?» ይል ነበር። እኛም «ስኳር ያለው ሻይ ጠጥተህ ነው» እንለው ነበር። ከ2019 ወዲህስ ምን አለ?

ማይክሮስኮፕ፣ ረቡዕ ማታ 3:35

ሐረጎ፣ እናንተም የነገራችሁት ስለምትወዱት ነው።

ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ልንገርህ። በ2020 ኮሮና ሲመጣ እነ ፔኒንገር ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ቫይረሱ እነዚህን የደም ሥሮች በቀጥታ ሊያጠቃ እንደሚችል አሳዩ። የሚሟሟ ኤሲኢ2 የተባለ ፕሮቲን ሲጨምሩ ቫይረሱ ወደ ሴሎቹ መግባቱ ቀነሰ። ኦርጋኖይዱ አስቀድሞ ተሠርቶ ባይቆይ ኖሮ በዚያ ፍጥነት አይታይም ነበር። በ2025 ደግሞ ቦስተን ያሉ ተመራማሪዎች ኢቲቪ2 እና ኤንኬኤክስ3.1 የሚባሉ ሁለት ጂኖችን በመቀስቀስ የደም ሥር ኦርጋኖይድ በ5 ቀን አደረሱ። እግሯ ደም ያጣ አይጥ ላይ ሲተክሉት የደም ዝውውሩ ተሻሻለ። አይጥ ናት፣ ሰው አይደለችም። ግን የእግር ነገር ስለሆነ ስታነበው ልብህ እንደሚነካ አውቃለሁ።

ገራዶ (ጠያቂ)፣ ሐሙስ ማታ 1:55

ሁላችሁንም አላህ ያክብርልኝ። ወንድሜ የሸማኔውን ጥያቄዎች ለሰውየው አቀረበለት። ከሦስተኛው በኋላ «እናንተ እምነት የላችሁም» ብሎ ሄደ። መሬቷ አለች።

ዛሬ ቀጠሮዋ ነበር። ሲስተር እንዳለችው ጠየቅኩ። ሐኪሙ በቀኝ እግሯ አናት ላይ ምቱን ወዲያው አገኘው፤ በግራው፣ በቁስለኛው፣ ብዙ ቆይቶ «ደካማ ነው፣ ግን አለ» አለ። በአልትራሳውንድ እንዲታይ ለሰኞ ጽፎልናል። ከዚያ ቀጭን የናይለን ክር አውጥቶ ውስጥ እግሯን ሲነካካ ዓይኗን ጨፍና «አሁን፣ አሁን» እያለች ትመልስ ነበር። ተረከዟና አውራ ጣቷ ላይ ሲደርስ ዝም አለች። እሱ ክሩን እስኪጎብጥ ይጫናል፣ እሷ ግን እስኪነካት ትጠብቃለች። እዚያ ላይ አለቀስኩ።

ማታ እግሯን በክርኔ በለካሁት ውሃ እያጠብኩ የጻፋችሁትን ነገርኳት። በቆልቱን ወደደችው። አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ መመለስ አልቻልኩም፦ «ያቺ የደም ሥር ደም አላት?»

ማይክሮስኮፕ፣ ሐሙስ ማታ 3:10

ለእማማ ሰላምታ አቅርቢልኝ። ዲሹ ላይ እያለች ደም የላትም፣ ባዶ ቱቦ ናት። ቪየናዎቹ አይጥ ኩላሊት ላይ፣ ከስስ ሽፋኑ ሥር ተከሏት። የሰው የደም ሥሮች ከአይጧ ደም ሥሮች ጋር ተጋጠሙ፤ ደም ቅዳውም ደም መልሱም ተለየ፣ የአይጧም ደም በውስጣቸው አለፈ።

ገራዶ (ጠያቂ)፣ ሐሙስ ማታ 3:25

ነገርኳት። «እንግዲያ ደሙ ካለ መንገዱን ያገኘዋል» አለችና እግሯን ከውሃው አውጥታ ፎጣውን ከእጄ ተቀበለች። በጣቶቿ መካከል ራሷ እያደረቀች ነው።